ጣዖት አይደለም፣ ጣኦ ነው

አምቦ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2015

ጣዖት አይደለም! ጣኦ ነው፣ ጣኦ! መጨረሻው ላይ «ት» የለውም! ያንን «ት» ከየት አምጥተሽ እንደለጠፍሽበት አላውቅም፤ ከጎረቤታችን ከኦቦ ሌንጂሳ አፍ ግን አልወጣም፣ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። ደውለሽ «ወንድም ጋሼ እንዴት ናቸው?» ስትያቸው የመለሱልሽ ይሄ ነው፦ «ደህና ነው። ልጅቱ ጓሮ ውስጥ ጣኦ ሠርታለች። ወሰኑ ጠዋት ጠዋት ፊቱ ቁጭ ብሎ እጁን ይጭንበታል። ያበሉታል፣ ያጠጡታል፣ አሁንማ ሞቋል።»

ጣኦ በኦሮምኛ ማዳበሪያ ነው፣ አክስቴ! የአፈር ምግብ! አምቦ ተወልደሽ፣ አምቦ አድገሽ፣ ኦሮምኛሽ «ሜቃ?» ብሎ ሽንኩርት ከመግዛት አላልፍ አለ!

ስልክ ላይ ግማሽ ሰዓት ሙሉ «ቤቴን አረከስሽው፣ ወንድሜን በበሽታው ላይ ለጣዖት አሰገድሽው» እያልሽ ጮኽሽ። እኔም ጮህኩ፣ አልክድም። «ያበድሽውስ አንቺ ነሽ» ያልኩት እኔ ነኝ። ከዛ «ካሁን በኋላ ካንቺ ጋር በስልክ አላወራም፤ የምትዪው ካለሽ ቁጭ ብለሽ ጻፊ፣ ምናልባት እጅሽ ካፍሽ ይሻል ይሆናል» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። ይኸው ጻፍኩ። እጄም ያው እንደ አፌ ነው።

ሰላምታ ዘልዬ ገባሁ አይደል? እሺ። እንዴት ነሽ፣ ብርዱ እንዴት አደረገሽ፣ የምትንከባከቢያቸው ሲኞራ እንዴት ናቸው፣ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ። ጨረስኩ። ወደ ጣኦው ልመለስ።

ነገሩን ማን አስተማረኝ? አንቺ! አምና «ሲኞራ የድንች ልጣጭ እንኳ አይጥሉም፣ ጓሮ ካለው ሣጥን ውስጥ ይከቱታል፣ በዓመቱ አፈር ይሆናል» ብለሽ የነገርሽኝ አንቺ አይደለሽም? እኔም ሣጥን የለኝም፣ በአራት ቋሚ እንጨት አጠርኩ። ከታች ጭራሮ፣ ከላዩ ልጣጩን፣ የጎመን ግንዱን፣ የቡና አተላውን፣ ከላዩ ደረቅ ቅጠል፣ ከላዩ ትንሽ አፈር፣ ከዛ ውሃ። እንደገና ልጣጭ። ከጠላ ቤት አተላ ለምኜ አመጣለሁ። አናቱን በኮባ ቅጠል እሸፍነዋለሁ። በቃ፣ ጣዖትሽ ይሄ ነው። የሽንኩርት ቅርፊት ነው!

ለምን ሠራሽው ላልሽው፦ ስለምንበላው ነው። አባዬ ከአይሱዙው ሲወርድ ከወደቀ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ግራ ጎኑ ሞቷል። የጌዶን መንገድ ዓይኑን ጨፍኖ ይነዳ የነበረ ሰው አሁን ከአልጋው በሩ ድረስ ለመሄድ እኔን ይደገፋል። የምንበላው ከጓሮው ነው፤ የተረፈንን ጎመን ገበያ አወጣዋለሁ። መሬቱ ደግሞ ደክሟል። ድንቹ ባለፈው ብይ ብይ አክሎ ወጣ። የሱቁን ማዳበሪያ እንደኛ ዓይነቱ ሰው በዓይኑ ብቻ ነው የሚያየው።

እጅ መጫኑን ደግሞ ልንገርሽ። ሙቀቱን የሚለካው አባዬ ነው። ወንበር አወጣለታለሁ፣ ቀኝ እጁን ክምሩ ውስጥ ይሰድና «ውሃ ጨምሪ» ወይ «ገልብጪው» ይለኛል። ሾፌር አይደል፣ የሞቀና ያልሞቀ ሞተር ያውቃል። ከወደቀ ወዲህ ሰው ሲያዝ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«ትምህርትሽን ብትቀጥዪ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር» ላልሽው፦ የባዮሎጂ ቲቸር ዳስተር ወረወረብኝ፣ እኔም መልሼ ወረወርኩት። ልዩነቱ የኔ አልሳተም። ባይሆንም እኮ አባዬን ማን ያነሳው ነበር?

ይሄን ወረቀት ፎቶ አንስታ በቴሌግራም የምትልክልሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው ሄቨን ናት፤ የኔ ስልክ ባለ ቁልፍ መሆኑን ታውቂያለሽ። መልስሽንም እሷ ፕሪንት አድርጋ ትሰጠኛለች። ሁሉንም ታነባለች። ሄቨን፣ አንብበሽ ስትጨርሺ ላኪው።

ዲቦራ


ቶሪኖ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2015

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ ለዲቦራ፤

ይህች ጽሑፍ ስትደርስ አንቺንና ጋሼ ወሰኑን በአንድ መሶብ ዙሪያ፣ በሰላም ታግኛችሁ። እኔ ለዛሬው ደህና ነኝ፣ የነገውን እሱ ያውቃል።

ልጄ፣ «ት»ዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ። መስመሩም ይቆራረጥ ነበር፤ ዋናው ግን ጆሮዬ ክፉ ወሬ ለመስማት ተሰናድቶ ይጠብቅ ነበር። ከአገር ቤት ስልክ ሲመጣ ደግ ነገር እንደማይሰማ አምኜ ኖሬ፣ «ያበሉታል፣ ያጠጡታል» ሲሉኝ ጣዖት ብቻ ነው የታየኝ። አሁን ደብዳቤሽን ለሲኞራ በጣልያንኛ ተረጎምኩላቸው። ከአልጋቸው ሆነው እስኪያስላቸው ሳቁ። በዚህ ሳምንት ጨርሶ አልተነሱም።

እሳቸው በይልኝ ያሉኝን ልጻፍልሽ። ሥጋና ቅባት ያለው ነገር አይጨመርበት፣ ጅብ ይጠራብሻል (ጅቡን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ እሳቸው አይጥ ነው ያሉት)። የባሕር ዛፍ ቅጠል አይበሰብስም፣ አፈሩንም ያቃጥላል፣ አታስጠጊው። ከሸተተ እርጥበት በዝቶበታል ማለት ነው፣ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ጣል አድርጊበት። በየአሥራ አምስት ቀኑ አገላብጪው። ፍርፍር ብሎ፣ ጠቁሮ፣ ዝናብ የመታው አፈር መሽተት ሲጀምር ደርሷል። የጎመኑን ፎቶ ላኪልኝ።

አንድ ነገር። የእህቴ ልጅ ዘሩባቤል ከሆለታ ወደዚያ ብቅ ያለ እንደሆነ ክፉ ቃል እንዳትናገሪው። በተናደድኩበት ሳምንት አንድ ጉዳይ ሰጥቼው ነበር። አስተካክለዋለሁ፣ አታስቢ።

የጋሼን ጉልበት ሳሚልኝ።

አክስትሽ ፈትለወርቅ


አምቦ፣ ኅዳር 15 ቀን 2015

አክስቴ እንዴት ነሽ፣ እመቤቴ ትከተልሽ። እኛ ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ግን ቤቱ ሁሉ ጢስ ጢስ ይላል፤ ውሸት ይሆንብኛል።

መጀመሪያ ደስ የሚለውን ላውራ። ኅዳር ሲታጠን እንደሚሆነው ታውቂያለሽ፣ የሚካኤል ለት ሰው ሁሉ ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል። እኔ ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት ጀምሬ በየቤቱ እየዞርኩ «አታቃጥሉት፣ ለኔ ስጡኝ» አልኩ። ኦቦ ሌንጂሳ መጥረጊያቸውን ይዘው ቆመው፣

«አያ! ሰው ሁሉ ያጥናል፣ አንቺ ትለቅሚያለሽ?»

«ምኑ ነው የሚታጠነው ኦቦ?»

«በሽታው ነዋ! በሽታው እንዲወጣ።»

«የእርሶ አቮካዶ ቅጠል ምኑን ታመመ? ጤነኛውን ይስጡኝና የታመመውን ያጥኑት።»

እስኪንፈቀፈቁ ሳቁ፣ ከዛ ራሳቸው እየጠረጉ ሞሉልኝ። አሥራ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቅጠል ሰበሰብኩ። የማዳበሪያ ከረጢት በየቤቱ ሞልቷል፣ ማዳበሪያው ነው የሌለው። አባዬ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ አውቶቡስ ተራ አስከባሪ «ደረቁን በዚህ፣ እርጥቡን በዚያ» ሲል ዋለ። ምላሱ ተፈቶለት ነበር።

በማግስቱ፣ በበዓሉ ለት ማለት ነው፣ ዘሩባቤል መጣ። ጄሪካን ይዟል። ነጭ ጋዝ ነው።

«አክስቴ ልካኝ ነው። ጣዖቱን ላጸዳ» አለ።

«ጣዖት አይደለም፣ ነግሬያታለሁ፣ አምናኛለች።»

«እኔን አልነገረችኝም። እኔ ያለኝ ይሄ ነው» ብሎ ማኅተም ያለበት ወረቀት አወጣ። ላንብበው ስል ወደ ኪሱ መለሰው። «ከአሥረኛ ያቋረጠ ሰው ምኑን ያነባል?»

መንሹን አንስቼ ሄድኩበት። አልመታሁትም፣ እንዳትደነግጪ፤ አባዬ ነው ያዳነው። «ተ... ተዪው» ለማለት ሲታገል ከወንበሩ ሊወድቅ ሆነ፣ መንሹን ጥዬ እሱን ያዝኩ። እሱን ይዤ እያየሁ ያ ሰውዬ ጋዙን አርከፍክፎ ክብሪት ጫረበት።

ላዩ ነደደ። ኮባው፣ ጭዱ፣ የሰበሰብኩት ቅጠል ሁሉ ሄደ። ውስጡ እርጥብ ስለሆነ እሳቱ ጠፋ፤ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ጨሰ። ሰፈሩ ሁሉ «ዘንድሮ የወሰኑ ቤት በደንብ አጠነ» ይላል።

 ትናንት አባዬ ወንበሩን አውጪልኝ አለኝ። ቀኝ እጁ ግራውን አነሳው፣ ያንን የሞተውን፣ እንደ ዕቃ ተሸክሞ ከአመዱ ሥር ከተተው። ብዙ ቆየ። ከዛ «ሞቀኝ» አለኝ። ሐኪሙ ያ እጅ አይሰማም ብሎናል። ለኔ ብሎ ዋሽቶ ይሆናል። አልጠየቅኩትም።

አሁን እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ያ ማኅተም ያለበት ወረቀት ምንድን ነው? ምርቃት አያስፈልገኝም፣ በአንድ መስመር መልሺልኝ።

ዲቦራ


ቶሪኖ፣ ጥር 18 ቀን 2015

ለውድ ዲቦራ፤

በጥምቀቱ ውሃ በረከት ሁላችሁንም ይባርክልኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፣ ብዙ ነገር ተደራርቦብኝ ነው።

ዘሩባቤል ባደረገው አዝኛለሁ፤ እሳት ለኩስ አላልኩትም። ልጅ ነው፣ ይቅር በዪው።

የጎመኑን ፎቶ አይቻለሁ፣ ያምራል። አሁን ደግሞ ቤቱን በበሩ በኩል አንሺልኝ፤ አጥሩ እስከ ጥግ ድረስ እንዲታይ ይሁን። ከጋሼ ዕቃ መሃል የቤቱን ካርታ ፈልገሽ ሄቨን ፎቶ ታንሳውና ትላክልኝ። ለምንም አይደለም፣ እንዲሁ እጄ ላይ እንዲኖር ብዬ ነው።

ጋሼ መድኃኒታቸውን እንዳይረሱ።

ፈትለወርቅ


አምቦ፣ ጥር 21 ቀን 2015

ይድረስ ለአክስቴ፤ ገብርኤል ከእሳት ያውጣሽ። ቀልዴን አይደለም፣ ይሄን ሰሞን የምጸልየው ይሄንን ነው።

ሁለት ወር ጠብቄ የመጣው ደብዳቤ ይሄ ነው? ሦስቴ አነበብኩት። ሄቨንም አነበበችው፣ «ወረቀቱ የቱ ጋ ነው የተመለሰው?» ብላ ገልብጣ አየችው። ስለ ወረቀቱ የለም። ስለ ሲኞራም የለም። አንቺ እኮ ሲኞራ ካስነጠሱ የምትጽፊ ሰው ነበርሽ!

«የጎመን ፎቶ» ስትዪኝ ከርመሽ አሁን «አጥሩ እስከ ጥግ»? ጥግ ላይ ምን አለ? አጥር። ካርታው በስምሽ ነው፣ ቤቱም ያንቺ ነው፣ አውቃለሁ፤ ሰው በራሱ ቤት «ለምንም አይደለም» አይልም። ካርታው አባዬ ፍራሽ ሥር ነው፣ እሱ ተኝቶበታል፣ አልቀሰቅሰውም።

እኔ የምልክልሽ ይሄንን ነው፦ የተረፈው ክምር ሥሩ ደረሰ። አባዬ ነው «በስሏል» ያለው፣ እንደ ወጥ። በወንፊት ነፋሁት። ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ፣ እፍኝ አድርገሽ ስትጨብጪው የሚያያዝ፣ ስትለቂው የሚበተን። አሸተትኩት፣ ምንም አይገማም። ከእሳት የተረፈ መሆኑን ሳስበው ግን ደስታዬ ሞላ አላለም። ነገ ሌላ ሰው ክብሪት ይዞ ይመጣ ይሆናል እያልኩ በር በር አያለሁ።

ወረቀቱ ምንድን ነው?

ዲቦራ


አምቦ፣ የካቲት 17 ቀን 2015

አክስቴ፣ ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። ጾም ከገባ ክምሩ ወፍሯል፤ ሰው ሁሉ አትክልት ስለሚበላ ልጣጩን እያመጣ ይሰጠኛል። ከሰፈሩ ያልጾመ ጣኦው ብቻ ነው። ይሄን የጻፍኩት እንድትስቂና እንድትመልሺልኝ ነው።

ደብዳቤዬን አንብበሽዋል። ሄቨን ምልክቱን አሳይታኛለች፣ ሁለት ሆኗል። ስልክም ደወልኩ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ዝም።

ዘሩባቤል ዛሬ አንድ ሰው ይዞ መጣ። ኦቦ ሙለታ ይባላሉ፣ የጌዶ ከብት ነጋዴ ናቸው። ጓሮውን ከአጥር አጥር በእርምጃ ለኩት። ክምሩ ጋ ሲደርሱ ዞረው አለፉ፣ አልረገጡትም። አባዬ «አካም ኦልቴ» ብሎ ሰላም አላቸው፣ ለአክብሮት ለመነሳት ሞከረ፣ አልቻለም። ሰውዬው አፈሩ። እኔም አፈርኩ፤ በምን እንደሆነ አላውቅም።

ሄቨን ፎቶ ኮፒ ቤት የማያልፍ ወረቀት የለም ትላለች። ማኅተም ያለበት ከውጭ የመጣ ከሆነ ውክልና ነው፣ አብዛኛው ውክልና ደግሞ መሃሉ ላይ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» ይላል ትላለች። አንቺ ግን እንደሱ አላደረግሽም፣ አይደል? አይደለም በዪኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምለምንሽ። መለመን አላውቅበትም፣ ለዛ ነው የጻፍኩት አጭር የሆነው።

ዲቦራ


ቶሪኖ፣ መጋቢት 8 ቀን 2015

ዲቦራ ልጄ፤

ሰላምታውን ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ሰረዝኩት። እግዚአብሔር ያጽናሽ ብዬ ልጀምር፤ ለሐዘን የሚባል ነው፣ ይህም ከሐዘን አይተናነስም።

ሲኞራ በታኅሣሥ መጨረሻ አረፉ። ልጆቻቸው ቤቱን ዘጉት፣ እኔም ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። አሁን ከአንዲት የጎንደር ልጅ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነኝ፣ ሶፋ ላይ። ስልኩን የማላነሳው ድምፄን እንዳትሰሚብኝ ነው።

ወረቀቱ ውክልና ነው። ጣዖት ብዬ በሰማሁበት ሳምንት የፈረምኩት ነው። ዘሩባቤል «ግቢውን አጸዳልሻለሁ፣ ውክልና ብቻ ላኪልኝ» አለኝ፤ ጽሑፉንም አሰናድቶ የላከልኝ እሱ ነው። «ለማጽዳት፣ ለማስጠበቅ» የሚለውን አየሁ። ከዚያ በታች ያለውን በንዴት አላነበብኩትም። ሄቨን እንዳለችው ነው።

ጣኦ መሆኑን የነገርሽኝ ቀን ልሽረው ይገባኝ ነበር። ሲኞራ ታመውብኝ ነገ፣ ነገ አልኩ። ከሞቱ በኋላ ደግሞ ዘሩባቤል «ገዢ አለ» አለኝ። እንቢ አላልኩም። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ እሺታ ወሰደው። አልዋሽሽም፣ እሺታም ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመት የሰው እናት አጠብኩ። የኔ ነው የምለው ያ ቤት ብቻ ነው። እርጅና በሰው ሶፋ ላይ እየመጣብኝ ነው፣ ዲቦራ። ሳልሸጠው ምን ላድርገው? ለጋሼ ሁለት ክፍል እንከራይላቸዋለን። ማዳበሪያው እንደሆነ የትም ይሠራል፣ በጆንያ ውስጥም ይሆናል አሉ።

ለእሳቸው ቀስ ብለሽ አንቺ ንገሪያቸው። እኔ አልችልም።

ፈትለወርቅ


አምቦ፣ መጋቢት 9 ቀን 2015፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

አልነግረውም!

ሰላምታ የለም፣ ጊዜ የለም። ሎደር በራችን ላይ ቆሟል። ደብዳቤሽን ሄቨን እየሮጠች ያመጣችልኝ እሱ ከመጣ በኋላ ነው፣ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ነው። ዘሩባቤል የለም፣ ስልኩንም አጥፍቷል። የመጡት ኦቦ ሙለታና አራት ሠራተኞች ናቸው።

በሩ ላይ ቆሜ፣ «ኦቦ፣ ቤቱ ሰው አለበት» አልኳቸው።

«ዘሩባቤል ባዶ አድርገው፣ ካርታውንም ይዘው ይጠብቁሃል ብሎኝ ነው።»

«እኔ ባዶ እመስላለሁ?»

«አትመስዪም» አሉ። ከዛ ወደ ውስጥ አዩ፣ አባዬን አዩት። ቆባቸውን አወለቁ። «ስሚ ልጄ። እኔ ከብት ነጋዴ ነኝ። በሬ ስገዛ ባለቤቱ ገመዱን በገዛ እጁ ካላስረከበኝ አልነዳም፣ የተሰረቀ ሊሆን ይችላላ። የዚህን ቤት ገመድ ያስረከበኝ ወረቀት ነው፣ ሰው አይደለም። ባለቤቲቱ ትደውልልኝ። በአፏ ሸጫለሁ ካለችኝ ቤቱ የኔ ነው። አልሸጥኩም ካለችኝ እኔና ዘሩባቤል እንተያያለን፣ እናንተ ላይ አላፈርስም። ፀሐይ እስክትጠልቅ እጠብቃለሁ። ሎደሩን በቀን ነው የተከራየሁት፣ ለነገ አላሳድረውም።»

ሰምተሻል? ሰውዬው ከኛ ዘመድ የተሻለ ሰው ነው።

አሁን የአባዬን ልንገርሽ። ከጥር ወዲህ ሰው እየመጣ የበሰለውን ጣኦ ይወስዳል፤ አንዱ በባልዲ፣ አንዱ በጋሪ። የሎደሩን ድምፅ ሲሰማ ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ፣ «ለጣኦው ነው?» አለኝ።

ምን ልበለው? ዝም አልኩ። ዝም ማለት በዘር ነው መሰለኝ።

«ይሄን ያህል መኪና!» አለ። ፊቱ እንዴት እንደሆነ ልጽፍልሽ አልችልም። «በያቸው... የበሰለው ያኛው ብቻ ነው። ይሄኛው ገና ነው፣ በሰኔ ይምጡ። ለሰዎቹ ወንበር አውጪላቸው።»

አወጣሁላቸው። ሊያፈርሱን የመጡት ሰዎች ወንበራችን ላይ ቁጭ ብለው ያንቺን ስልክ እየጠበቁ ነው። አባዬ ደግሞ እንግዳ አላስጠብቅም ብሎ ወንፊቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በአንድ እጁ እየነፋላቸው ነው። ሠራተኞቹ ያዩታል፣ ከዛ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ከዛ መሬት መሬት ያያሉ። አንዱ ተነስቶ ወንፊቱን ያዘለት።

አክስቴ፣ እኔ መጮህ አልቻልኩም። ሁሌ የምጮህ ሰው ዛሬ ድምፅ የለኝም። ሶፋ ላይ መተኛትሽን ሳነብ አዘንኩልሽ፣ እውነቴን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው እናት ማጠብ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ያውም የራሴን አባት፣ ያውም እየደከመኝ። ቤቱ ያንቺ ነው። መሸጥ መብትሽ ነው፣ ሄቨንም ነግራኛለች፣ እኔም ደንቆሮ አይደለሁም። ማዳበሪያው በጆንያ ይሆናል ትያለሽ። አዎ ይሆናል። አባዬ ግን ጆንያ ውስጥ አይገባም። በኪራይ ክፍል ውስጥ አልጋው ላይ ጣሪያ ሲያይ ነው የሚውለው፣ እስከሚሞት፤ ብዙም አይቆይ። ይሄን ካሰብኩበት ቆይቻለሁ።

ግን «አንቺ ንገሪያቸው» አትበዪኝ። ያንን አልወስድም። አንቺ ያልሰማሽውን ሰምተሽ፣ ያላነበብሽውን ፈርመሽ፣ ያልተናገርሽውን እኔ እንድናገር? እንቢ። አላደርገውም።

ሄቨን ስልኳን ጥላልኝ ሄዳለች፣ ቴሌግራም ያለበትን። ባትሪው እስኪመሽ ይበቃል፣ ከዛ በኋላ አልምልም። መጀመሪያ ለኦቦ ሙለታ ትነግሪያቸዋለሽ። ከዛ ለአባዬ አቀብለዋለሁ፣ ጆሮው ላይ እይዝለታለሁ። «አልሸጥኩም» ካልሽ ተባረኪ። «ሸጫለሁ» ካልሽም በይ፤ ግን ለእሱ በዪው፣ «ጋሼ፣ ቤቱን ከእግርዎ ሥር ሸጥኩት» ብለሽ፣ በድምፅሽ፣ እሱ እየሰማ። ያኔ ወንፊቱን ከእጁ ተቀብዬ አነሳዋለሁ፣ ለሎደሩም በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ።

ይሄን ስጨርስ አሥር ሰዓት ሆነ። እናንተ ጋ ገና ስምንት ነው፣ ቀን ነው፣ ጊዜ አለሽ፣ እኛ ግን የለንም። አሁን ልልከው ነው። ስታነቢው ሁለቱ ምልክት ይመጣል፣ እኔም አየዋለሁ፣ አላየሁትም እንዳትዪ። አሁኑኑ ደውዪ። ፀሐይዋ ከመጥለቋ በፊት ደውዪ፣ አክስቴ።

ዲቦራ